ታላቅ አሠልጣኝ በምን ይለካል? ሥልጣንና ኃላፊነት በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፉትቦል

መግቢያ

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ታላቅ አሠልጣኝ» የሚለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በድል ብዛት ነው። ስታዲየም በስሙ የሚሰየምለት፣ መጽሐፍ የሚጻፍለትና ፊልም የሚሠራለት ብዙ ያሸነፈ ሰው ነው። ይህ መለኪያ ለመቁጠር ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ይደብቃል። አንደኛ፣ ድሉ ምን ያህሉ ከአሠልጣኙ፣ ምን ያህሉ ከትምህርት ቤቱ ሀብትና ከተማሪዎቹ ብዛት እንደመጣ አይለይም። ሁለተኛ፣ ድሉ በተጫዋቹ ላይ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ አይናገርም።

በአማርኛ «አሠልጣኝ»፣ «ሥልጣን» እና «ሥልጣኔ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። የግእዙ ግሥ ኃይል ማግኘትንና መግዛትን ያመለክታል፤ በአማርኛ ደግሞ ሙያን መልመድና መብሰል የሚለው ፍች ጎልቶበታል። ሁለቱ ፍችዎች ሲጣመሩ ማሠልጠን ማለት ሌላውን ሰው በሥራውና በራሱ ላይ ባለሥልጣን ማድረግ ይሆናል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በዚሁ መነጽር ነው። የሚያቀርበውም መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ታላቅነት የሚለካው በልጆች ላይ የተሰጠውን ሰፊ ሥልጣን ለልጆቹ በማስረከቡ፣ ሕይወትና ጤና በሚነካ ጉዳይ ላይ ደግሞ ያንኑ ሥልጣን ከድል በላይ ለልጁ ደኅንነት በማዋሉ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የአሠልጣኙ ኃይል ምንጭ

የአሜሪካ ፉትቦል በኢትዮጵያ ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው። ሞላላው ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳስ የያዘን ተቃራኒ በአካል ገጭቶ መጣልም በደንቡ የተፈቀደ ነው። ጨዋታው በየጥቂት ሴኮንዱ ቆሞ ስለሚጀመር እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ይታቀዳል። በመሆኑም ተጫዋቹ በሜዳ ላይ የሚያደርገውን አብዛኛውን ነገር አስቀድሞ የሚወስነው አሠልጣኙ ነው።

ከሜዳ ውጭም ሥልጣኑ ሰፊ ነው። ማን እንደሚሰለፍ፣ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የታመመው መቼ እንደሚያርፍ፣ ለኮሌጅ መልማዮች ስለ ማን በጎ ቃል እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች አሠልጣኙ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ስለሚሠራ ተጫዋቹን በክፍልም በሜዳም ያገኘዋል። ተጫዋቹ ደግሞ ከ14 እስከ 18 ዓመት ባለው፣ የወላጅን ቃል መጠራጠርና የሌላ አዋቂ ሰው ቃል መፈለግ በሚጀመርበት ዕድሜ ላይ ይገኛል።

የሁለተኛ ደረጃውን አሠልጣኝ ከኮሌጅና ከሙያ ሊግ አሠልጣኝ የሚለየው ሌላው ነገር የተማሪዎቹ የወደፊት ዕጣ ነው። በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ይህን ጨዋታ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይጫወታሉ። ከእነዚህ መካከል በብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር ሥር ባሉ ኮሌጆች መጫወት የሚቀጥሉት ከመቶ ሰባት ያህሉ ብቻ ናቸው። ለአብዛኞቹ የመጨረሻው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ከፉትቦል የሚሰናበቱበት ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ የሚያስተምረው ነገር ዋጋ የሚኖረው ጨዋታው ካበቃ በኋላም የሚቆይ ከሆነ ነው።

የድል መለኪያ ወሰኖች

የድል ቁጥር ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። በደቡብ ካሮላይና የሰመርቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ከ1952 እስከ 2014 ያሠለጠኑት ጆን ማኪሲክ 621 ጨዋታዎችን አሸንፈዋል። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ከተማ መቆየት በራሱ ማስረጃ ነው፤ አባቶች ያሠለጠናቸውን ሰው አምነው ልጆቻቸውን፣ ከዚያም የልጅ ልጆቻቸውን የሚልኩለት ሰው ከድል ሌላም የሰጣቸው ነገር ይኖራል።

ሆኖም ድል ብቻውን መለኪያ ሲሆን የሚፈጥረውን ጫና በቴክሳስ የኦዴሳ ከተማ ታሪክ ያሳያል። ጋዜጠኛው ኤች. ጂ. ቢሲንገር የ1988ን የውድድር ዘመን ከፐርሚያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር አሳልፎ በ1990 ባሳተመው «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» በተባለው መጽሐፉ እንደዘገበው፣ ቡድኑ በአንድ ነጥብ ልዩነት ከተሸነፈ በኋላ በዋና አሠልጣኙ በጌሪ ጌንስ ግቢ ቤቱ እንደሚሸጥ የሚገልጹ ምልክቶች ተተክለው ተገኙ። መልእክቱ ከተማውን ለቀህ ሂድ የሚል ነበር። በተከታዩ ዓመት የዚያው አሠልጣኝ ቡድን ሳይሸነፍ የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሰውየው የማስተማር ችሎታ ከውርደት ወደ ክብር የሚያሻግር ለውጥ አድርጓል ብሎ ማመን ያስቸግራል። የተለወጠው የውጤት ሰሌዳው ነው። ስለሆነም የውጤት ሰሌዳውን ብቻ የሚያነብ ማኅበረሰብ የሚመዝነው የአሠልጣኙን ሥራ ሳይሆን የራሱን ደስታ ነው።

ማስተማርና ሥልጣንን ማስረከብ

ስለ አሠልጣኞች የተደረጉ ጥናቶች ትኩረታቸውን ከድል ወደ ማስተማር ሲያዞሩ ለጥያቄው የቀረበ መልስ አግኝተዋል። በ1974–75 የውድድር ዘመን ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ተመራማሪዎች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የነበሩትን ጆን ዉደንን በልምምድ ላይ ተከታትለው 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን መዘገቡ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚገልጹ አጫጭር መመሪያዎች ነበሩ። ውዳሴ 7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ቁጣም ከዚያ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጥናቱ የተደረገው በሌላ ስፖርትና በኮሌጅ ደረጃ ቢሆንም፣ ታላቅ አሠልጣኝ ማለት የሚያነቃቃ ንግግር የሚያደርግ ወይም የሚጮህ ሰው ነው የሚለውን ሥዕል ይፈትናል። የሥራው ዋና ክፍል ዝርዝር፣ ግልጽና በዝግጅት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ነው።

ለርእሱ በቀጥታ የሚቀርበው በዳንኤል ጉልድና በባልደረቦቹ በ2007 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ተጫዋቾችን በሰብእና በማነጽ የታወቁና በሥራው ላይ በአማካይ 31 ዓመት የቆዩ 10 የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል አሠልጣኞችን በጥልቀት ጠይቀዋል። አሠልጣኞቹ ለማሸነፍ ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው፤ ያም ሆኖ የተጫዋቾቻቸውን የግል ዕድገት ግንባር ቀደም ዓላማ አድርገውት ተገኝተዋል። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ግኝት የሕይወት ክህሎትን ማስተማር ከጨዋታ ሥልጠናው የተለየ ተጨማሪ ሥራ አድርገው አለማየታቸው ነው። ሰዓት ማክበር፣ ቃልን መጠበቅ፣ ስሕተትን አርሞ መቀጠል የሚማሩት ጨዋታው በሚማርበት በዚያው ሜዳ ላይ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በካሊፎርኒያ ኮንኮርድ ከተማ የሚገኘው የዴ ላ ሳል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሳያል። ቦብ ላዱሱር በ1979 ቡድኑን ሲረከቡ ትምህርት ቤቱ ከተሸነፈው ይልቅ ያሸነፈው የበለጠበት አንድም የውድድር ዘመን አልነበረውም። በ34 የውድድር ዘመናት 399 አሸንፈው፣ 25 ተሸንፈውና 3 እኩል ወጥተው ተሰናበቱ። ከ1992 ጀምሮ ቡድኑ በተከታታይ 151 ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት ያሸነፈ ሲሆን፣ ይህ ጉዞ የተቋረጠው በ2004 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ዴ ላ ሳል የካቶሊክ የግል ትምህርት ቤት በመሆኑ ተማሪ የሚቀበለው ከአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ ከተወሰነ ክልል ብቻ ተማሪ ከሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር በቁጥር ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረው የአሠራር ልማዱ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ለልምምድና ለጨዋታ የሚገባውን ቃል በካርድ ላይ ይጽፋል፤ በጓደኞቹ ፊት አንብቦም ለአንድ የቡድን ጓደኛው ይሰጠዋል። ቃሉ መፈጸሙን የሚከታተለው ካርዱን የተቀበለው ጓደኛ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ከአሠልጣኙ እጅ ወደ ተጫዋቾቹ ይሸጋገራሉ፤ ግብን የመወሰን ሥልጣንና የመቆጣጠር ሥልጣን። የ16 ዓመት ልጅ አሠልጣኙን ፈርቶ የሚሮጠው አሠልጣኙ እስኪዞር ድረስ ነው። ለጓደኛው ቃል የገባ ልጅ ግን ማንም ባያየውም ይሮጣል።

የማስረከብ ጉድለት፦ የአሌክሳንድሪያ ምሳሌ

በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ የ1971 ታሪክ በ2000 በወጣው «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» ፊልም አማካይነት በዓለም ዙሪያ ታውቋል። በዚያ ዓመት የከተማዋ ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላይኛዎቹ ክፍሎች በቲ. ሲ. ዊሊያምስ ትምህርት ቤት ተጠቃለሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙበት ዓመት አድርጎ ቢያቀርበውም፣ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየታቸው በሕግ ያበቃው ከዚያ ቀደም ሲል ነበር። የ1971 አዲስ ነገር ተፎካካሪ የነበሩ ቡድኖች አንድ መሆናቸው ነበር። ዋና አሠልጣኝ ሆነው የተሾሙት ጥቁሩ ኸርማን ቡን ሲሆኑ፣ ሹመቱ ይገባቸዋል ተብለው ሲጠበቁ የነበሩት ነጩ ቢል ዮስት ረዳት ሆነው ለመሥራት ተስማሙ። ቡድኑ 13 ጨዋታዎችን አድርጎ ሁሉንም በማሸነፍ የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው በጎ ነው። ሹመት ያመለጣቸው ዮስት የመከላከሉን ክፍል መምራታቸው፣ ቡንም ያንን ሥልጣን ከእሳቸው ጋር መካፈላቸው ለተጫዋቾቹ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ትምህርት ነበር፤ ልጆቹ አብሮ መሥራትን ያዩት ሁለት አዋቂዎች ሲያደርጉት ነው። ሁለተኛው ግን በፊልሙ ውስጥ አይገኝም። ቡን በ1979 ከኃላፊነታቸው የተነሡት በተጫዋቾች አያያዛቸው ላይ ወቀሳ በቀረበበት ወቅት ነው። በአንድ የችግር ዓመት ቡድንን ያሰባሰበ የጠነከረ ትእዛዝ፣ ዘላቂ የማሠልጠን ዘዴ ሆኖ እንደማያገለግል ከዚህ መገመት ይቻላል። በአንድ የውድድር ዘመን ወይም በአንድ ፊልም ላይ ተመሥርቶ ስለ አሠልጣኝ ታላቅነት መፍረድ የማይገባውም ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ፈተና፦ ደኅንነት

ሥልጣንን የማስረከብ ጉዳይ የሰብእና ጥያቄ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም የሕይወት ጥያቄም ነው። በ2004 በታተመው ጥናታቸው ማይክል ማክሪያና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ አካባቢ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚጫወቱ 1,532 ተጫዋቾችን አጥንተው ነበር። በውድድር ዘመኑ የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው መካከል ጉዳታቸውን ለሌላ ሰው የተናገሩት 47.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያልተናገሩት ብዙዎቹ ጉዳቱ ከባድ እንዳልመሰላቸው ሲገልጹ፣ ከመቶ አርባ አንድ ያህሉ ከጨዋታ መውጣት ባለመፈለጋቸው ዝም ማለታቸውን ተናግረዋል።

ይህ ዝምታ የሚፈጠረው በአሠልጣኙና በተጫዋቹ መካከል ባለው የኃይል ግንኙነት ውስጥ ነው። የሚሰለፈውን የሚመርጠው ሰው ፊት ሕመምን መናገር ቦታን ማጣት ከሆነ፣ ልጁ ሕመሙን ይውጠዋል። የሕግ ለውጥ በከፊል ረድቷል። በ2009 የዋሽንግተን ግዛት የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ወጣት ወዲያውኑ ከሜዳ እንዲወጣና ያለ ሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይመለስ ደነገገ፤ እስከ 2014 ድረስም ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ ግን የሚሠራው ጉዳቱ ሲታይ ወይም ሲነገር ነው። ልጁ እንዲናገር የሚያደርገው አሠልጣኙ ከወራት በፊት ጀምሮ ያሳየው ጠባይ ነው።

የሙቀት አደጋም እንዲሁ ነው። በነሐሴ ወር 2008 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ አንድ የ15 ዓመት ተጫዋች በሞቃት ቀን ልምምድ ላይ ተደጋጋሚ ሩጫ ሲሮጥ ወድቆ ከቀናት በኋላ ሞተ። አሠልጣኙ በወንጀል ተከስሶ በ2009 በዳኞች ውሳኔ ነጻ ወጣ። ፍርድ ቤቱ የመለሰው ጥያቄ ወንጀል ተፈጽሟል ወይ የሚለውን ነው። ለሙያው የሚቀረው ጥያቄ ከዚያ ይሰፋል፤ ልጆች «አልቻልኩም» ማለት የሚችሉበት ልምምድ እንዴት ይዘጋጃል?

የጆርጂያ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር በ2012 ያወጣው ደንብ አንድ መልስ ይሰጣል። ደንቡ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበትና የፀሐይ ጨረር አንድ ላይ የሚለካ መሣሪያ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ልኬቱ ከ92 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲያልፍ ከቤት ውጭ ልምምድ ማድረግን ይከለክላል። በሙቀት የተመታን ተጫዋች በበረዶ ውሃ በተሞላ ገንዳ ነክሮ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ዛሬ የታወቀ የሕክምና መመሪያ ነው። ገንዳውን ከልምምድ በፊት ሞልቶ የሚጠብቅ አሠልጣኝ በጋዜጣ አይወጣም፤ በዚያ ቀን ምንም አልደረሰምና። ታላቅነቱ ግን ከዚህ ይጀምራል። ሥልጣን ማስረከብ ማለት አዋቂው ኃላፊነቱን በልጁ ላይ ይጣል ማለት እንዳልሆነም ይህ ያስረዳል። ግብ መወሰንን፣ መመራረምን፣ ሕመምን መናገርን ለልጁ ይሰጣል፤ የማቆም ግዴታን ግን ለራሱ ያስቀራል።

ማጠቃለያና ለምርምር የሚሆን ሐሳብ

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶችና ታሪኮች ሦስት መለኪያዎችን ይጠቁማሉ። የመጀመሪያው አሠልጣኙ በልምምድ ጊዜው ምን ያህሉን ለግልጽ ትምህርት እንደሚያውል ነው። ሁለተኛው በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ በእሱ እጅ ከነበሩ ውሳኔዎች ስንቱ በመጨረሻው በተጫዋቾቹ እጅ እንደሚገኙ ነው። ሦስተኛው የተጎዳ ተጫዋች ጉዳቱን ሳይፈራ መናገር መቻሉና የተናገረም በቦታው ላይ ቅጣት እንዳልደረሰበት ማረጋገጥ ነው። ሦስቱም በምልከታ፣ በቃለ መጠይቅና በመዝገብ ሊለኩ ይችላሉ፤ ከድል ቁጥር ጋር ያላቸውን ግንኙነት መመርመርም ለተከታይ ጥናት ተገቢ ርእስ ነው። በተለይ ሦስተኛው መለኪያ የድል ብዛትን ሊቀንስ በሚችልባቸው አጋጣሚዎች የአሠልጣኙ ውሳኔ ምን እንደሆነ ማጥናት፣ በቃል የሚነገረውን ዓላማ ከሚሠራበት ዓላማ ለመለየት ይረዳል።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ሩቅ አይደለም። ቲ. ሲ. ዊሊያምስ ይባል የነበረው ትምህርት ቤት ከ2021 ጀምሮ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተብሏል፤ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ጋር ከሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። «ፉትቦል» ሲባል እግር ኳስ የሚመስለው ወላጅ ልጁ ያመጣውን የፈቃድ ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ቡድኑ ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ መጠየቅ አያስፈልገውም። መጠየቅ የሚገባው ልጁ ሲታመም ለማን እንደሚናገር፣ ከተናገረ በኋላ ምን እንደሚደረግ፣ በሙቀት ቀን ልምምድ የሚያቆመው ማን እንደሆነ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይቆጣና ሳያመነታ፣ በዝርዝር የሚመልስ አሠልጣኝ ሥልጣኑ ለምን እንደተሰጠው ያውቃል።